ኪንድል ይግዙ ወይስ ወረቀቱ ይበቃል? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

በንባብ ቡድናችን ስለ ኪንድልና መሰሎቹ፣ መጽሐፍ ለማንበብ ስለተሠሩት የኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች ማለት ነው፣ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ከባሕር ዳርም ከማርቆስም ከወረዳዎቹም የመጡትን ጥያቄዎች አንድ ላይ ልመልስ። እኔ ኪንድልንም ተፎካካሪውን ኮቦንም ለዓመታት አንብቤባቸዋለሁ።

ፒዲኤፍ ስልኬ ላይ አነባለሁ። ሌላ ዕቃ ምን ያደርግልኛል? (ባሕር ዳር)

አልፎ አልፎ የምታነብ ከሆነ ምንም አያደርግልህም፤ ስልክህ ይበቃል። በተከታታይ ለሰዓታት የምታነብ ከሆነ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። የስልክ ስክሪን ብርሃኑን ወደ ዓይንህ ይለቃል። የኪንድል ስክሪን ኢ-ኢንክ ይባላል። ውስጡ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ እንክብሎች አሉ፤ እነሱ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች ይዘዋል። ኤሌክትሪኩ ጥቁሩን ወይም ነጩን ወደ ላይ ሲገፋው ፊደል ይሆናል። ገጹ እስኪቀየር ድረስ ጽሑፉ ያለ ተጨማሪ ኃይል ባለበት ይቆያል። ቻርጁ ለሳምንታት የሚቆየው ለዚህ ነው፤ መብራት ለሚጠፋብን ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ጣና ዳር በጠራራ ፀሐይ ሞክረው። ስልክህ የራስህን ፊት ያሳይሃል፤ እሱ ግን እንደ ወረቀት ይነበባል። ደግሞ መሀል ላይ ቴሌግራም አይጮህብህም።

አማርኛ ያነባል? (ፍኖተ ሰላም)

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ቁርጡን ልንገርሽ፦ ንባብሽ በአብዛኛው የአማርኛ ልቦለድ ከሆነ አትግዢ። መጽሐፉን ገዝተሽ አንብቢ።

ምክንያቱም በእጃችን የሚዞረው የአማርኛ ፒዲኤፍ አብዛኛው ስካን ነው፤ የገጽ ፎቶ ማለት ነው። ፎቶ ስለሆነ ፊደሉን ብቻ ማተለቅ አይቻልም። ባለ 6 ኢንች ስክሪን ላይ ስትከፍቺው ሆሄው ይደቅና «ቡ»ንና «ቢ»ን ለመለየት ዓይንሽ ይፈጣል። ወደ ጎን አዙረሽ የገጹን ግማሽ ግማሹን ማንበብ ይቻላል፤ ትንሽ ይሻላል እንጂ አይመችም።

በፊደል የተጻፈ ኢፐብ (ለእነዚህ ዕቃዎች የተዘጋጀ የመጽሐፍ ፋይል) ካገኘሽ ነገሩ ሌላ ነው። ፊደሉን እንዳሻሽ ታተልቂዋለሽ፣ መስመሩም ራሱን ያስተካክላል። ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከመጣ የግዕዝ ፎንት የለውም ማለት ነው። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት አውርደሽ በኬብል ፎንት የሚቀመጥበት ፎልደር ውስጥ ጨምሪው። ኮቦም የቅርብ ዓመታት ኪንድልም ይቀበላሉ። የድሮ ጽሑፍ ግን በዚህ አይድንም። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ኮድ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ ሰው በየራሱ ፎንት ይጽፍ ስለነበር ጽሑፉ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ መለወጥ አለበት።

እኔ የማነበው እንግሊዝኛ ነው። የትኛውን ልግዛ? (ቡሬ)

ላንተ ግዛ እላለሁ። ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባለው ድረ ገጽ ብቻ የባለቤትነት ጊዜያቸው ያለፈ ከ70,000 በላይ መጻሕፍት በነፃ ይሰጣል። ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርደህ መጫን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ኢንተርኔት አያስፈልግህም። የመጀመሪያው ኪንድል እ.ኤ.አ በ2007 ሲወጣ 399 ዶላር ነበር። ዛሬ ቀላሉ ከ100 ዶላር ብዙም አይርቅም። እኔ ለእኛ አገር ሰው ኮቦን አስቀድማለሁ፤ ኢፐብ በኬብል ጭነህ ወዲያው ታነባለህ። ኪንድል መጀመሪያ በሠሪው ኩባንያ በአማዞን በኩል ይቀየርልኝ ይላል።

ውጭ ያለ ዘመድ ያገለገለ ሊያመጣልህ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ዕቃውን ከአካውንቱ ማውጣቱን አረጋግጥ። በተለይ የተሰረቀ ተብሎ የተዘጋ ከሆነ ገንዘብህ ተበላ ማለት ነው።

አባቴ ዓይናቸው ደክሟል። ዳዊት መድገም ግን አይተዉም። ይጠቅማቸው ይሆን? (ደጀን)

እርስዎ በመጠየቅዎ ደስ ብሎኛል፤ ይህ ዕቃ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እንዲህ ላለ ሰው ነው። ፊደሉ በአንድ ገጽ ጥቂት መስመር ብቻ እስኪቀር ድረስ ይተልቃል። መብራቱ ከስክሪኑ ጠርዝ ወደ ገጹ ስለሚበራ ጨለማ ክፍል ውስጥም ይነበባል። ክብደቱ ከ200 ግራም ብዙም ስለማይዘል እጅ አይደክምም። ገጽ ሲቀየር ስክሪኑ አንዳንዴ ለቅጽበት ጥቁር ይላል፤ ተበላሸ ብለው እንዳይደነግጡ አስቀድመው ይንገሯቸው። ዳዊቱ ግን በፊደል የተጻፈ እንጂ ስካን አይሁን። የለመዱትን ዳዊት ደግሞ ከአጠገባቸው አያንሱባቸው።

ቴሌግራም ላይ የሚለቀቀውን አዲስ መጽሐፍ ብጭንበትስ? (ሞጣ)

አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ደራሲው በሕይወት እያለና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት መብቱ የተጠበቀ ነው። ከሕጉም በላይ፣ ከራሱ ኪስ አውጥቶ ያሳተመ ደራሲ አለ። አንድ ሰው ስካን አድርጎ በለቀቀበት ሳምንት ሽያጩ ይቆማል። ሁለተኛውን መጽሐፍ በምን ያሳትም?

ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ይሆናል? (ደብረ ማርቆስ)

ሥዕልና ቀመር ለበዛበት መጽሐፍ አይሆንም። ወደ ኋላ ወደ ፊት እያገላበጡ ማጥናት በእሱ ቀርፋፋ ነው። ታብሌት ወይም ፕሪንት ይሻልሃል።

ቶሎ ይሰበራል? (ዳንግላ)

ስክሪኑ ስስ ነው። ከተሰነጠቀ የጥገናው ዋጋ ወደ አዲሱ ስለሚጠጋ አያዋጣም። ጠንካራ ሽፋን አብረሽ ግዢ። አውቶቡስ ላይ ቦርሳሽን ጣራ ላይ ካስጫንሽ እሱን አውጥተሽ በእጅሽ ያዢው።