እውነት የኢንተርኔት የመጀመሪያው መልእክት ሁለት ፊደል ብቻ ነበር?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ከጅማ ፈረንጅ አራዳ ነኝ። ሰሞኑን ከአባቴ ጋር ኢንተርኔት የሰውን ኑሮ እንዴት እንደቀየረው የሚያሳይ ዶክመንተሪ አየንና የመጀመሪያው መልእክት ሁለት ፊደል ነው ሲል ተከራከርን፣ እውነት ነው? አባቴ ቡና ነጋዴ ነው፣ ድሮ የአዲስ አበባን ዋጋ ለመስማት ስልክ ቤት ወረፋ ይዞ ይውል እንደነበር ሲያወራ እንባው መጣ።

መልስ፦ እውነት ነው ወንድሜ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 1969 ነው፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም «ሎግኢን» (በእንግሊዝኛ LOGIN፣ ግባ እንደማለት) የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል ሲልኩ፣ ደርሷል ወይ እያሉ በተራ ስልክ እየተጠያየቁ (አስበው፣ በስልክ!)፣ ኤል ደረሰ፣ ኦ ደረሰ፣ ጂ ላይ ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ። ሙሉው ቃል ያለፈው ከአንድ ሰአት ገደማ በኋላ ነው። ኢንተርኔት ለሁላችንም የደረሰው ግን ሰርን የሚባለው የአውሮፓ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1993 ዌብን፣ ማለትም ድረ ገጾች የምናይበትን ዘዴ፣ ያለክፍያ ክፍት ስላደረገው ነው፣ ለኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው።

የአባትህ ወሬ ግን ልቤን ነካው። የቡናውን ዋጋ ዛሬ እዛው ሚዛኑ ጋ ቆመው በቴሌግራም ያዩታል አይደል? እባክህ የወረፋውን ዘመን በራሳቸው ድምፅ ስልክህ ላይ ቅዳልን።