የአባዬን ጽጌረዳ ለምን ነቀለችው?

ጥያቄ፦

ሰላም ዶክተር። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ትዳር ይዤ የምኖረው ከእናቴ ቤት ብዙም ሳልርቅ ነው። አባዬ ካረፈ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። እማዬ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ወራት ያሳለፈችው አብዛኛውን አልጋ ላይ ነው። ምግብ እንኳ ለምነን ነበር የምናበላት። አንድ ቀን ቤቷ ስሄድ ጓሮ ውስጥ መቆፈሪያ ይዛ አገኘኋት። አባዬ ከ20 ዓመት በላይ የተንከባከበውን ጽጌረዳ ነቃቅላ ጥላዋለች። በቦታው የሱፍ አበባና ዚኒያ ልትዘራ መሬቱን እየደለደለች ነበር። ራሴን መቆጣጠር አቃተኝ። «አባዬን ለሁለተኛ ጊዜ ቀበርሽው» ብዬ ጮህኩባት። እሷ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አናወራም። አሁን አበቦቿ አብበዋል። ጠዋት ጠዋት እያንጎራጎረች ታጠጣቸዋለች። ሰው ሁሉ «እናትሽ ተሻላት» ይለኛል፣ እኔ ግን ያን ጓሮ ማየት አልቻልኩም። ወንድሜ «ተያት፣ ደስ ያላትን ታድርግ» ይላል። አጥሩ ጥግ አንዲት ጽጌረዳ ቀርታለች፣ እሷንም አንድ ቀን ትነቅላታለች ብዬ እሰጋለሁ። ሰው እንዴት እንዲህ ቶሎ ይረሳል? ወይስ እኔ ነኝ ክፉ ልጅ?

መልስ፦

እህቴ፣ ክፉ ልጅ አይደለሽም። ያ ጽጌረዳ ለአንቺ አበባ ብቻ አልነበረም። አባትሽ ጎንበስ ብለው ሲኮተኩቱ የምታስታውሺበት ቦታ ነው። ማንም ሳይነግርሽ ሄደሽ ባዶ አፈር ሆኖ አገኘሽው። መደንገጥሽ አይገርምም። የተናገርሽው ቃል ግን ከባድ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በቅድሚያ «ረሳች» ያልሽውን እንየው። ባሏን የረሳች ሴት ስምንት ወር አልጋ ላይ አትውልም። እናትሽ ሐዘናቸውን ጀምረው የጨረሱ አይመስለኝም። አቅጣጫ ነው የቀየሩት። ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ ሁለት የሐዘን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ይህን በደንብ አብራርተውታል። እንደ እነሱ አባባል ሐዘንተኛ በሁለት ነገሮች መካከል ይመላለሳል። አንዴ ወደ አጣው ሰው ይሄዳል። ያለቅሳል፣ ፎቶ ያያል፣ የሆነውን ደጋግሞ ያስባል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ወደ ቀረው ኑሮ ይመለሳል። አዲስ ነገር ይለምዳል፣ ሟቹ ይሠራው የነበረውን ራሱ መሥራት ይጀምራል፣ ከሐዘኑም ጥቂት ያርፋል። ጤናማው ይህ መመላለስ ነው። አንዱ ጋ ብቻ ተቸንክሮ መቅረት ነው የሚጎዳው።

ችግሩ በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች እኩል አለመመላለሳቸው ነው። ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ነገር አይቻለሁ። «ለምነን ነበር የምናበላት» ብለሻል። እናትሽ አልጋ ላይ በነበሩባቸው ወራት ቤቱን ይዘሽ የቆምሽው አንቺ ነሽ መሰለኝ። ታዲያ አንቺ መቼ አለቀስሽ? ብዙ ጊዜ ያየሁት ነገር ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው የራሱን ሐዘን ቆልፎ ይደግፈዋል። የወደቀው ሲነሳ የደጋፊው ተራ ይደርሳል። በዚያች ሰዓት ግን ቀድሞ የሚወጣው እንባ ሳይሆን ቁጣ ነው። «እኔ ገና ምኑንም ሳላለቅስ አንቺ ታንጎራጉሪያለሽ?» የሚል ቁጣ። እንዲህ ዓይነት ስሜት ካለሽ አትፈሪው። በእናትሽ ላይ የተነሳ ጥላቻ አይደለም፤ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ የአንቺ ሐዘን ነው።

አሁን ወደ ጓሮው እንግባ። እናትሽ የመረጡትን አበባ ልብ በይ። ጽጌረዳ የዓመታት ተክል ነው። መከርከም፣ መኮትኮት፣ ተባይ መጠበቅ ይፈልጋል፣ ሙያውም የአባትሽ ነበር። ዚኒያ ግን ሌላ ነው። ሞቅ ያለ አፈር ካገኘ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይበቅላል፣ ከሁለት ወር በኋላ ያብባል። የሱፍ አበባም ቶሎ ደራሽ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ነገን ማሰብ ላቃተው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዘር የሚዘራ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ሊያየው የሚፈልገው ነገር አለው። ጠዋት የሚያስነሳው አለ። ካላጠጣው የሚጠወልግበት፣ የሚፈልገው ፍጡር አለ። እኔ ዓይናችሁ ሥር የሆነውን ሳነብ ደስ ነው ያለኝ።

አፈር መንካት በራሱ እንደሚያረጋጋም እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ የኔዘርላንድ ጥናት ሰዎችን መጀመሪያ አስጨናቂ ሥራ አሠራ። ከዚያ ግማሾቹ ለ30 ደቂቃ አትክልት ቦታቸው ላይ እንዲሠሩ፣ ግማሾቹ ቤት ውስጥ እንዲያነቡ አደረገ። ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን በሁለቱም ቀነሰ፣ አትክልት በነኩት ላይ ግን ይበልጥ ቀነሰ። ተሳታፊዎቹ ከመጀመሪያውም አትክልት ወዳዶች ስለነበሩ ለሁሉም ሰው እንዲህ ይሠራል ማለት አልችልም። ለእናትሽ ግን እየሠራ ይመስላል።

ለምን ጽጌረዳውን ነቀሉ? እኔ አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም። ስምንት ወር ያለ ተንከባካቢ ቆይቶ ደርቆ ሊሆን ይችላል። በየማለዳው መስኮት ከፍተው ማየቱ ከብዷቸው ሊሆን ይችላል። አንቺን የሚያጽናናሽ ነገር እሳቸውን በየቀኑ ያቆስል ይሆናል። መጠየቅ ብቻ ነው መፍትሔው።

ደግሞ አንዲቷ ለምን ቀረች? ይህን በአንድ መስመር ጠቅሰሽ አለፍሽው፣ እኔ ግን ከደብዳቤሽ ሁሉ የያዘኝ እሱ ነው። ሌላውን ሁሉ የነቀለ እጅ ያችን ተዋት። ከሞተ ሰው ጋር ያለን ዝምድና በቀብር አይቋረጥም፣ መልኩን ነው የሚለውጠው። አንዱ ሃያ ጽጌረዳ ያስፈልገዋል፣ ሌላው አንዲት ትበቃዋለች። ምናልባት እናትሽ አባትሽን ያስቀመጡት እዚያ ጥግ ነው።

እንግዲህ ወደ ቃሉ ልመለስ። ይቅርታ ጠይቂ። ወንድምሽ «ተያት» ማለቱ ለሰላም ብሎ ነው፣ ግን ዝምታው በቆየ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል። ረጅም ንግግር አታዘጋጂ። «እማዬ፣ ያን ቀን የተናገርኩሽ ቃል ትክክል አልነበረም። ይቅር በይኝ።» እዚህ ላይ አቁሚ። «ግን አንቺም እኮ» የሚል ነገር እንዳይከተለው። የአንቺን ጉዳት ሌላ ቀን ትነግሪያቸዋለሽ፣ እሱም መነገር አለበት። ሲደርስ «አባዬ በጣም ናፈቀኝ፣ ጽጌረዳውን ሳጣው ሆዴ ባባ» በያቸው። ይህ ስለ አንቺ ነው እንጂ ክስ አይደለም። እናት ክስ ስትሰማ ራሷን ትከላከላለች፣ ልጇ እንደተጎዳች ስትሰማ ግን እቅፏን ትዘረጋለች።

ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ አታውሩት። ጠዋት ሲያጠጡ ሂጂ፣ አረም ንቀይ፣ የደረቁትን አበቦች ልቀሚ። (ዚኒያ የደረቀ አበባው ሲቀነጠስ ጉልበቱን ዘር ከማፍራት መልሶ ወደ አዲስ እንቡጥ ያዞረዋል፣ ስለዚህ ሥራ አይጠፋም።) እጅ ሥራ ሲይዝ ምላስ ይፈታል። ጎን ለጎን ሆኖ መሬት መሬት እያዩ ማውራት ዓይን ለዓይን ከመተያየት ይቀላል። የመጀመሪያው ቀን ምንም ላታወሩ ትችላላችሁ። በማግስቱም ሂጂ።

ከዚያ ስለ ቀረችው ጽጌረዳ ጠይቂያቸው፣ ቅርንጫፍ ቆርጠሽ ቤትሽ ልትተክይ እንደምትፈልጊ ንገሪያቸው። ሳታስፈቅጂ አትንኪ፣ አንቺን ያሳመመሽም ሳይነግሩሽ መነካቱ ነው። ከፈቀዱ አንድ ላይ ሥሩት።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ሁሉም ሐዘን በአበባ አይታከምም። እናትሽ ጓሮ እየዋሉ ከሰው ሁሉ ከሸሹ፣ ምግብና እንቅልፍ ከተዉ፣ ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። ስለ አንቺም እንዲሁ። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ፣ ለአዋቂ ሰው ከ12 ወር በላይ የዘለቀና የዕለት ኑሮን የሚያደናቅፍ ብርቱ ሐዘንን ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ አስቀምጦታል። ከናፍቆትሽ የተነሳ ሥራ መሥራት፣ ልጅ ወይም ትዳር መንከባከብ ካቃተሽ ባለሙያ በአካል አነጋግሪ። መኖር ካስጠላሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ለምታምኚው ሰው ንገሪና ወደ ሐኪም ሂጂ።

ስለ ቅርንጫፉ ልንገርሽና ላብቃ። አበባው ካለፈ በኋላ እርሳስ የሚያክል ውፍረት ያለው ጤነኛ ቅርንጫፍ ምረጡ። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ፣ ከአንጓ ዝቅ ብላችሁ ቁረጡት። የታችኛውን ቅጠል አንሱና ግማሹን ያህል ውሃ በማይቋጥር አፈር ውስጥ ቅበሩት። ጥላ ሥር አድርጊው፣ አፈሩ ይረጥብ እንጂ አይጨቅይ። አንድ ብቻ አትትከይ፣ ሁሉም አይጸድቅምና አራት አምስት አድርጊ። መጀመሪያ ላይ ቅጠል ቢያወጣ ቶሎ አትደሰቺ፤ ሥር ሳይሰድ በውስጡ በቀረው ምግብ ብቻ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ጠብቂና በጣትሽ ቀስ ብለሽ ሳብ አድርጊው። እንቢ ካለሽ ሥር ይዟል። ያኔ እናትሽን ጥሪያቸው።