መልስ፦ በጥንድ ቴኒስ ብቻ መኖር ይቻላል ወይ?

ወንድሜ፣ ልጅህ በነጠላ (አንድ ለአንድ) ስላልቀናው በጥንድ (ሁለት ለሁለት) ቴኒስ ብቻ መኖር ይችል እንደሆነ ከደብረ ማርቆስ ጠይቀሃል። ይቻላል፤ ግን ሽልማቱ ከነጠላው ያነሰ ነው፣ እሱንም ለሁለት ነው የሚካፈሉት። ደስ የሚለው የመጫወቻ ዕድሜው ይረዝማል። ህንዳዊው ሮሃን ቦፓና የአውስትራሊያ ኦፕንን በጥንድ ያሸነፈው እ.ኤ.አ. በ2024፣ በ43 ዓመቱ ነው!

ከሩጫ ይልቅ ፈጣን እጅና መግባባት ይበልጣል። መረቡ ጋ የቆመው እጁን ከጀርባው አድርጎ በጣቱ ምልክት ሲሰጥ አይተሃል? ሰርቪሱ (ጨዋታው የሚጀመርበት ምት) ወዴት እንደሚመታ፣ እሱም ወደ ሌላው ጎን ይሻገር እንደሆነ ለጓደኛው እየነገረው ነው። መንትዮቹ ቦብና ማይክ ብራያን አብረው 16 ግራንድ ስላም (እንደ አውስትራሊያ ኦፕን ያሉ የአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ዋንጫ) የወሰዱት እንዲህ ተናበው ነው። እኔም ባሕር ዳር ከታናሼ ጋር ስጫወት ያየሁት ይህንኑ ነው። ስለዚህ አሁኑኑ ቋሚ ጓደኛ ፈልግለት፤ ትምህርቱን ግን እንዳያቋርጥ አደራ።