ስኳሩ ለጣዕም ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ልጄ ሁለት ዓመት ተኩሉ ነው። ተቅማጥ ሲይዘው ከጤና ጣቢያ የተሰጠኝን ሕይወት አድን ቅመም፣ ኦ.አር.ኤስ. የሚሉትን፣ በጥብጬ አጠጣዋለሁ። ጎረቤቴ «ስኳር ተቅማጥ ያባብሳል፤ ጨውና ውሃ ብቻ ስጪው» ይሉኛል። መምህርት እህቴ ደግሞ ስኳሩ ለሴል ሽፋን ፕሮቲን ነው ትላለች። ምን አገናኛቸው?
እናት፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር

መልስ፦ እህትዎ ትክክል ናቸው። ጎረቤትዎም ግማሹን ይዘዋል።

የሴል ሽፋን ድርብ የቅባት ንብርብር ስለሆነ ከጨው የሚገኘው ሶዲየምም ሆነ የቅመሙ ስኳር የሆነው ግሉኮስ እንዲሁ አያልፉበትም። የሚያሳልፋቸው ቅባቱ ውስጥ የተሰካ ፕሮቲን ነው። በትንሹ አንጀት ሴሎች ላይ፣ ምግብ በሚያልፍበት ወገን፣ ኤስ.ጂ.ኤል.ቲ.1 የሚባለው አለ። 664 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መሥሪያ ቅንጣቶች) የተቀጣጠሉበት አንድ ሰንሰለት ሲሆን ሽፋኑን 14 ጊዜ እየበሳ ይመላለሳል። በየመሻገሪያው 20 ገደማ አሚኖ አሲዶች እንደ ሞላ ይጠማዘዛሉ፤ ቅባቱን የሚነካው ጎናቸው ውሃ ስለሚሸሽ ፕሮቲኑ ከቦታው አይነቀልም።

መሐሉ መቀመጫ ነው። መጀመሪያ 2 ሶዲየም፣ ቀጥሎ 1 ግሉኮስ ይቀመጣሉ፤ ሲሟሉ የአንጀቱ አፍ ይዘጋና የሴሉ አፍ ይከፈታል። ሁለቱ አፎች ባንድ ጊዜ አይከፈቱም። ጥማድ በሬ ማለት ነው፦ ግሉኮስ ከሌለ ሶዲየሙ በዚህ በር አይገባም፤ ውሃውም የሚገባው እነሱን ተከትሎ ነው።

በደም ወገን ደግሞ የሶዲየም-ፖታሲየም ፓምፕ በ1 ኤ.ቲ.ፒ. (የሴሉ የኃይል ምንጭ በሆነ ሞለኪውል) 3 ሶዲየም እያስወጣ 2 ፖታሲየም ያስገባል። እሱ ባይኖር ሴሉ በሶዲየም ተሞልቶ የፊተኛው በር ሥራ ይፈታ ነበር። (ፓምፑን የገለጠው ዴንማርካዊው የንስ ስኩ ጽሑፉን በ1957 እ.ኤ.አ. አውጥቶ ኖቤል ያገኘው በ1997 ነው። አርባ ዓመት!)

የኮሌራ መርዝ ሌላ ፕሮቲን፣ የክሎራይዱን (የጨው ሌላኛው ክፍል) በር፣ ከፍቶ ያስቀራል፤ ጨውና ውሃ ወደ አንጀት ይጎርፋሉ። ኤስ.ጂ.ኤል.ቲ.1ን ግን አያበላሸውም። ቅመሙ የሚሠራው በዚህ በተረፈው በር ነው፤ ጨውና ውሃ ብቻ ቢሰጡት አብዛኛው መልሶ ይወጣል።

ጎረቤትዎ ልክ የሚሆኑት ስኳር ሲበዛ ነው። በ1 ሊትር ቅመም ውስጥ 13.5 ግራም ግሉኮስና 2.6 ግራም ጨው አለ፤ ፖታሲየም ክሎራይዱ 1.5፣ ሲትሬቱ 2.9 ግራም ነው። ለስላሳ መጠጥ ግን በሊትር 100 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ ሳይመጠጥ የቀረው ስኳር ከሰውነት ውሃ ስቦ ተቅማጡን ያበዛል።

ስለዚህ አለካኩ ላይ ይጠንቀቁ። የፓኬቱን ጽሑፍ ያንብቡ፤ የ1 ሊትሩን በ1 ሊትር ሃይላንድ ለክተው ሙሉውን ይበጥብጡ። ውሃ ካነሰ ጨው በደም ውስጥ ይበዛል፣ ይህም አደገኛ ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃው ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ያቆዩትና ያቀዝቅዙት። በየተቅማጡ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር በጥቂት በጥቂቱ ይስጡት፤ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቀው በማንኪያ ይቀጥሉ። 24 ሰዓት ያለፈውን ይድፉ።

ፓኬት ከጠፋ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ሳይቆለል በልሙጡ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል፤ የሚጎድለው ፖታሲየሙ ነው። ቅመሙ የወጣውን ይተካል እንጂ ተቅማጡን ወዲያው አያቆምም። ከቅመሙ ጋር ዚንክ ከተሰጠዎት፣ 20 ሚሊ ግራም በቀን፣ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ተቅማጡ ቢቆምም ይጨርሱ። ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ደም ከቀላቀለ ሳያድር ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።