የሚሰፈርና የሚመዘን፦ ከወጥ ቤት የመጡ ጥያቄዎች

ከኮዬ ፈጬ፦ «የኬክ አሠራሩ 2 ኩባያ ዱቄት ይላል። በቤቴ ኩባያ ሰፍሬ ሠራሁት፤ ደረቅ ሆነብኝ። ምን አጠፋሁ?»

ዱቄቱ በዝቶ ይመስለኛል። በውጭ አገር አሠራሮች ኩባያ የሚባለው 240 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ መለኪያ ነው። የቤትዎ የሻይ ኩባያ ከዚያ ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል። አሰፋፈሩም ለውጥ ያመጣል። ኩባያውን ዱቄቱ ውስጥ ነክረው ጠቅጠቅ አድርገው ካወጡት እስከ 150 ግራም ሊይዝ ይችላል። በማንኪያ እየጨመሩ ሞልተው አናቱን በቢላ ጀርባ ጠረግ ካደረጉት ግን ከ120 እስከ 125 ግራም ነው። በ2 ኩባያ 50 ግራም ትርፍ ዱቄት ገባ ማለት ነው፤ ይሄ ኬክ ያደርቃል። ስኳር ብዙም አይጠቀጠቅም፤ አንዱ ኩባያ 200 ግራም ገደማ ነው። ኬክና ዳቦ የሚያዘወትሩ ከሆነ ከሚያምር የኬክ ቅርጽ ማውጫ በፊት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይግዙ።

ከጣፎ፦ «5 ሊትር ዘይት ገዝቼ ሰፈር ሚዛን ላይ ባስቀምጠው 5 ኪሎ አልሞላም። ተሸወድኩ?»

አልተሸወዱም። ሊትር ይሰፈራል፣ ኪሎ ይመዘናል። ሁለቱ እኩል የሚመጡት ውሃ ላይ ነው። ዘይት ከውሃ ስለሚቀል 1 ሊትሩ 920 ግራም ገደማ ነው። 5 ሊትሩ ያለ ጀሪካኑ 4.6 ኪሎ አካባቢ ከመዘነ ልክ ነው። ማር ደግሞ በተቃራኒው ከባድ ነው፤ 1 ሊትሩ 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ 1 ኪሎ ማር ገዝተው የሊትር ዕቃዎ ባይሞላ ከሻጩ ጋር አይጣሉ። ሚዛኑን ይዩ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ «አውንስ ስንት ነው?»

ለቅቤ ወይም ለቸኮላት ከተጻፈ 28 ግራም ገደማ። የፈሳሽ አውንስ ከሆነ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ።

ከሱሉልታ፦ «ሚዛንም መለኪያ ኩባያም የለኝም። በምን ልለካ?»

የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ይበቃዎታል። ውሃውን ሁለት አንድ ዓይነት ብርጭቆዎች ላይ እኩል ይክፈሉትና የደረሰበትን በማርከር ያስምሩ። 250 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለአንድ ኩባያ በደንብ ይሆናል። ለጨውና ለቤኪንግ ፓውደር ከሽሮፕ መድኃኒት ጋር የሚመጣውን መስፈሪያ በደንብ አጥበው ይጠቀሙ። የሻይ ማንኪያ 5፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ነው። እነዚህን ሁለቱን አያምታቱ፤ ሦስት እጥፍ ጨው ወጥ ያበላሻል።

ከለቡ፦ «እናቴ ዶሮ ወጥ ስታስተምረኝ ‹ሁለት ሲኒ በርበሬ› ትለኛለች። በግራም ስንት ይሆናል?»

ሲኒ ከቤት ቤት ስለሚለያይ ቁጥር አልሰጥዎትም። ደስ የሚለው ግን መለኪያው እናትዎ ቤት አለ። ሚዛን ይዘው ይሂዱ። እሳቸው በራሳቸው ሲኒ ይስፈሩ፣ እርስዎ ይመዝኑና ይጻፉ። በርበሬውን ብቻ ለክተው አይመለሱ፤ ቅቤውንም ሽንኩርቱንም ይመዝኑ፤ ወጡን የሚያጣፍጠው የእነሱ ምጥጥን ነው። ሽንኩርቱን ከተላጠ በኋላ ይመዝኑት፤ ከነልጣጩ ከሆነ ልኬቱ ይዛባል።