ካያምቡን አንዴ በእጃችሁ ያዙት፦ ለወጣት ሙዚቀኞች

ውድ ልጆቼ፣

ሙዚቃ ማስተማር ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። አሁን ብዙዎቻችሁ ቢት የምትሠሩት ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ደስ ይለኛል። በቀደም አንዱ ተማሪዬ አዲስ ሥራውን ሲያሰማኝ ከምቱ ሥር ሽው ሽው የሚል፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ያለ ድምፅ ሰማሁ። "ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት። "ሉፕ ነው ጋሼ፣ ከኢንተርኔት ያወረድኩት" አለኝ። ሉፕ የሚሉት እየተደጋገመ የሚጫወት የድምፅ ቁራጭ ነው፤ የመሣሪያውን ስም ግን አያውቀውም።

ካያምብ ይባላል፤ የሬዩኒዮን ደሴት መሣሪያ ነው። ሬዩኒዮን ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ የምትገኝ፣ እስከ ዛሬም የፈረንሳይ ግዛት የሆነች ደሴት ናት። ከማዳጋስካርና ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች እዚያ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ እየለፉ ማሎያ የሚባለውን ዘፈን ፈጠሩ። መሣሪያዎቻቸውን ልብ ብላችሁ እዩ። ካያምብ የሚሠራው ከአገዳው የአበባ ዘንግ ነው። ቀጫጭኑ ዘንግ ጎን ለጎን ይደረደርና ጠፍጣፋ ሳጥን ይሆናል፤ ውስጡ ደረቅ ፍሬ ይገባበታል። ሩሌ የሚሉት ትልቁ ከበሮ ደግሞ በርሜል ነው። አፉ ላይ የበሬ ቆዳ ይወጠራል፤ መቺው እንደ ፈረስ ተቀምጦበት በሁለት እጁ ይመታዋል። ጉልበታቸውን ከበላው እርሻ ላይ የተረፈውን ለቅመው ዜማ አደረጉት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ባርነት በደሴቲቱ የቀረው በ1848 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። ማሎያ ግን ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን ከጓሮ አልወጣም። ለሟች አያቶች መታሰቢያ ሌሊቱን ሙሉ ይዘፈን ነበር። በ1976 የደሴቲቱ ኮሚኒስት ፓርቲ የማሎያ ሸክላ አሳተመ። ፓርቲው የራስ አስተዳደር ይጠይቅ ስለነበር ዘፈኑም በመንግሥት ዓይን ተጠርጣሪ ሆነ። ነገሩ የላላው በ1981 ነው። በ2009 ዩኔስኮ ማሎያን በቅርስነት መዘገበው።

የማሎያ ዘፋኙን ዳንዬል ዋሮን ፈልጋችሁ ስሙት። ወታደር አልሆንም ብሎ የታሰረ ሰው ነው። በደሴቲቱ ቋንቋ፣ በክሪኦልኛ ይዘፍናል፤ መሣሪያዎቹንም በገዛ እጁ ይሠራል። ከእሱ በፊት ግን ፊርማን ቪሪን ስሙ፤ ዋሮ ራሱ ከእሱ ነው የተማረው።

እኔም ከተማሪዎቼ ጋር ካያምብ ልንሠራ ሞክረን ነበር። የአገዳ ዘንግ ስላላገኘን በመቃ ሠራነው። መጀመሪያ ምስር ጨመርንበት፤ ድምፁ ሳሳ። ሽንብራ ስናደርግበት ደግሞ ተንኳኳ። ሁለቱን ስንቀላቅል ትንሽ ቀረበ። ከዚያ መጫወቱ መጣ። በሁለት እጅ አግድም ይዞ ግራና ቀኝ ማመላለስ ቀላል ይመስላል፤ በአምስተኛው ደቂቃ ክንዳችን ዛለ። ከሉፕ የማይገኘው ይሄ ነው። ሉፕ አይደክመውም፤ ሰው ግን ሲደክመው ምቱን ያሳርፋል፣ ሲበረታ ይገፋዋል። የማሎያ ሕይወት ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

አንዷ ልጅ "ጋሼ፣ ይሄማ የኛ ችክችካ ነው" አለችኝ። ጆሮዋ አልተሳሳተም፤ ሁለቱም በስድስት ይቆጠራሉ። ግን ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ለየቅል ነው። እየቆጠራችሁ አጨብጭቡና ታገኙታላችሁ። መመሳሰሉ ደስ ይበላችሁ፤ "የኛ ነው" ለማለት ግን አትቸኩሉ።

በጎረቤቷ ደሴት በሞሪሸስ ደግሞ ሴጋ የሚባል ዘፈን አለ። ራቫን የሚባለው ከበሮው የፍየል ቆዳ ነው፤ ከመመታቱ በፊት እሳት ይሞቃል። የኛ ከበሮ መቺዎችም ቆዳው ሲረግብባቸው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። የሴጋ ዘፋኙን ቲ ፍሬርን ስሙ፣ ድምፁ አይረሳችሁም።

ሥራችሁን ስትለቁ የመሣሪያውን ስምና አገሩን ከሥር ጻፉ። አንድ መስመር ይበቃል።

ያ ተማሪዬ ትናንት ደወለልኝ። ወንዝ ዳር ሆኖ መቃ እየቆረጠ ነበር። ስንት ክንድ ይሁን ብሎ ጠየቀኝ።