ከፊዚክስ ወደ ሚቲዎሮሎጂ ማስተርስ፦ ክረምቱን ዳታው ላይ አሳልፊው

ጥያቄሽ «በፊዚክስ ተመርቄ መስከረም ላይ የሚቲዎሮሎጂ ማስተርስ እጀምራለሁ፤ ቴሲሴን በኢትዮጵያ ዝናብ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፣ እስከዚያ ምን ላጥና?» የሚል ነው።

ሒሳቡ አያስጨንቅሽ። ቬክተር ካልኩለሱንም ዲፈረንሻል ኢኩዌሽኑንም ታውቂዋለሽ፤ ዳይናሚክስ (የአየር እንቅስቃሴ ትምህርት) ላይ የሚጨመርብሽ በምትዞር ምድር ላይ ቆሞ እኩልታ መጻፍ ነው፣ ቶሎ ይለመዳል። ተማሪን የሚያጓትተው ዳታ ነው። ስለዚህ ፓይተን ተለማመጂ፣ በተለይ ፓንዳስና ኤክስአሬይ የሚባሉትን የዳታ መሥሪያ ጥቅሎቹን።

መለማመጃ የሚሆንሽ በነጻ አለ። ቺርፕስ፣ ከሳተላይትና ከጣቢያ የተቀናበረ የዝናብ መረጃ፣ ከእ.ኤ.አ. 1981 ጀምሮ በ0.05 ዲግሪ፣ ማለትም በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይገኛል። ኢራ 5 ደግሞ፣ ያለፈውን የአየር ሁኔታ ከምልከታና ከሞዴል አዋህዶ መልሶ ያሰላ መረጃ፣ ከእ.ኤ.አ. 1940 ጀምሮ በየሰዓቱ፣ በ0.25 ዲግሪ አለ። የኢራ 5 ዝናብ በሜትር ስለሆነ ወደ ሚሊ ሜትር ለመቀየር በ1000 አባዢው፤ ይህን የረሳ ሰው ካርታው ሁሉ በረሃ ይሆንበታል። የጣቢያ መረጃ ለማግኘት ከትምህርት ክፍልሽ የትብብር ደብዳቤ ይዘሽ ወደ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ሂጂ፤ ገና ፕሮፖዛል ስትጽፊ ጠይቂ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ። ጣቢያ ላይ ዝናብ የሚለካው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት የወረደው ዶፍ መለኪያው ውስጥ አድሮ ማክሰኞ ጠዋት ይነበባል፣ ብዙ ጊዜም በማክሰኞ ይጻፋል። ኢራ 5ን በግሪንዊች ቀን ከደመርሽው ግን ያው ዝናብ የሰኞ ነው። ኮሪሌሽኑ (የሁለቱ መረጃ ዝምድና) ይወድቅና ተማሪው «ዳታው አይረባም» ብሎ ይደመድማል። የጣቢያውን መዝገብ በአንድ ቀን ወደኋላ ገፍተሽ እንደገና አስሊ፤ ቁጥሩ ድንገት ከዘለለ ጥፋቱ የሰዓት ነው። ኢራ 5ን በኢትዮጵያ ሰዓት ከጠዋት 3 ሰዓት እስከ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ደምሪው። ቺርፕስ ግን መጀመሪያ የሚሠራው በአምስት ቀን ድምር ነው፣ ዕለታዊው ከዚያ የተከፋፈለ ስለሆነ ከጣቢያ ጋር በአሥር ቀን ወይም በወር አወዳድሪው። የጣቢያ መረጃም ውስጡ ስለተቀላቀለበት፣ በዚያው ጣቢያ ፈትነሽ «ትክክለኛ ነው» ማለት ራስን መሸወድ ነው።

ዜሮንና ባዶን ለዪ። የአዲስ አበባ ነሐሴ ድምር ዜሮ ከሆነ ድርቅ አይደለም፣ ሰው አልመዘገበም። 99.9 የሚል ቁጥርም ካገኘሽ የጎደለ መረጃ ምልክት እንዳይሆን አጣሪ።

ርዕስሽ ላይ «የኢትዮጵያ አማካይ ዝናብ» የሚል ነገር አታስገቢ። ኤል ኒኞ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ወገብ አካባቢ ውሃ ከወትሮው መሞቅ) የሰሜኑንና የመካከለኛውን ደጋ ክረምት ያዳክማል፣ እ.ኤ.አ. 2015 ላይ እንደታየው። በቦረናና በሶማሌ በኩል ግን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለውን ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ያበረታል። ሁለቱን ስትቀላቅያቸው ይጠፋፋሉ፣ አንቺም «ግንኙነት የለም» ብለሽ ትጽፊያለሽ። አንድ ወቅት፣ አንድ አካባቢ ይበቃል።

ደብሊውአርኤፍ የሚባለውን የአየር ሁኔታ ሞዴል ማሄድ ብዙ ተማሪ ያጓጓዋል። ጥያቄሽ ካላስገደደሽ ተዪው እላለሁ። ከገባሽበት ግን የጊዜ እርምጃው በሰከንድ ከግሪዱ (ሞዴሉ አካባቢውን ከሚከፋፍልበት ካሬ ጎን) ኪሎ ሜትር ስድስት እጥፍ አይለፍ፤ ለ9 ኪሎ ሜትር 54 ሰከንድ መሆኑ ነው። እንደ ሰሜን ተራሮች ያለ ገደላማ ቦታ ላይ ይህም ይበዛና ሞዴሉ መሃል ላይ ይቆማል። ያኔ የሞዴሉን የፊዚክስ አማራጮች (ደመናና ጨረር የመሳሰሉት የሚሰሉበትን ስልት) ከመነካካትሽ በፊት ወደ 40 ሰከንድ ዝቅ አድርገሽ ሞክሪ።